ደጃፉ ላይ የሚወቃው ገብስ ሪዞርቱ ገበታ ላይ ለምን የለም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቅዳሜ እትማችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። በተለይ ከከተማ ወጣ ብለው ስለሚያድሩባቸው ቦታዎች የምታወጡትን አላልፈውም። ስለ አልጋው ስፋት፣ ከመስኮቱ ስለሚታየው ገደል፣ ስለ ስፓውና ስለ ፈረስ ግልቢያው ጥሩ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ምግቡ ላይ ስትደርሱ ግን “የአገር ውስጥና የውጭ ምግቦች ይቀርባሉ” ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሆቴል ወጥ ቤት ነው። መሀል አዲስ አበባ ባሉ ሆቴሎች ከድስት አጣቢነት ጀምሬ ዋና ምግብ አዘጋጅ እስከመሆን ደርሻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ ታኅሣሥ ውስጥ “እማዬ፣ ሁልጊዜ ለሰው ስታበስይ ኖርሽ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ያብስልልሽ” ብላ ቅዳሜና እሁድን አንድ ተራራ ላይ ያለ ሪዞርት እንድናሳልፍ ከፈለችልን። እኔ፣ እሷና የልጅ ልጄ አርብ ከሰዓት በኋላ ወጣን።

የሪዞርቱን ስም አልጠቅስም። ሠራተኞቹ ደግ ናቸው፣ ማስከፋትም አልፈልግም። ደግሞም የምናገረው ነገር የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ቦታው ሸዋ ውስጥ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው ብል ይበቃል።

መኝታው ምንም አይወጣለትም። ክፍሉ ውስጥ የእሳት ምድጃ አለ። ማታ ማታ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አልጋችን ውስጥ ከተው ይጠብቁናል። ጠዋት መጋረጃውን ስንገልጥ ሳሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘነው። የልጅ ልጄ ውርጭ አይቶ ስለማያውቅ በካልሲ ብቻ ሮጦ ወጣ። አየሩን የቀመሰ ሰው ምንም ቢከፍል አይቆጨውም።

ወደ ምግቡ ልምጣ።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። አርብ ማታ ለእራት ስንገባ የቡፌው ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ተሞልቷል። ለጾመኛ የተለየው ግን አንድ ጥግ ላይ ያሉ አራት ሳህኖች ናቸው። ፓስታ በቲማቲም፣ የተቀቀለ ካሮትና ፎሶሊያ፣ የድንች ጥብስ፣ ሩዝ። ዓሳም ነበረ፤ ዓሳ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፣ እኔ አልበላም። ለማጣጣሚያ ፓፓያና ሐብሐብ። ፓፓያ እዚያ ተራራ ላይ! ከቆላ ተጭኖ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ። ጣዕሙ መንገድ ላይ ቀርቷል።

አስተናጋጁን “ፓስታው ውስጥ ቅቤ አለ?” አልኩት። “ልጠይቅ እናቴ” ብሎ ሄደና ሲመለስ “የለም መሰለኝ” አለኝ። መሰለኝ የሚባል መልስ ለጾመኛ አይሆንም። ወጥ ቤት ውስጥ ስለኖርኩ የሚሆነውን አውቃለሁ። አንዱ ጭልፋ ከሁለቱም ድስት ውስጥ ይገባል። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ድንቹን ይጠብሳል። ይህን መለየት ብዙ ወጪ የለውም። ምልክት ያለው ጭልፋ፣ ለብቻው የተቀመጠ መጥበሻና የሚጠይቀውን ሰው የሚያከብር አለቃ ይበቃል። ሙስሊም እንግዶችም ሥጋው በማን እንደታረደ ሲጠይቁ እርግጠኛ መልስ ማግኘት አለባቸው። አንድ ቤተሰብ በአጠገባችን ጠይቆ ልክ እንደኔው “መሰለኝ” ተባለ። እነሱም እንደኔው ድንች በሉ።

ፓስታው ደግሞ ውጭው ተላቁጦ ውስጡ ጥሬ ነበር። በዚህ ልጆቹን አልወቅስም። ተራራ ላይ ማብሰል ሌላ ሙያ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90 ገደማ። እሳቱን የፈለጉትን ያህል ቢያነዱት ውሃው ከዚያ አይሞቅም፤ በንፋሎት ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ፓስታና ሩዝ እንደ ቆላ ሆቴል በደቂቃ ተለክተው አይወጡም። ጥራጥሬ ደግሞ ያለ ፕሬዠር ኩከር ወይም ያለ ሙሉ ሌሊት መዘፍዘፍ አይሞከርም። እንጀራም እንደዚያው። ሊጡ በብርዱ ቶሎ ስለማይቦካ ከምድጃው አጠገብ መቀመጥ አለበት። እዚያ ግን እንጀራው ከአዲስ አበባ ተጋግሮ ይመጣል። ጫፉ ደርቆ ይሰበራል።

ሌላው ጣጣ ብርዱ ነው። ቡፌው ላይ ያለ ምግብ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ሳህኑ ራሱ በረዶ ነው። ወንበርህ ላይ ሳትቀመጥ ወጡ ረግቷል። የደጋ ሰው ይህን ድሮ ፈትቶታል። ተጋቢኖ ሽሮ በትንሽ ሸክላ ድስት ከነእሳቱ እየተንተከተከ ይቀርባል። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ የመጨረሻው ጉርሻ እንኳ ትኩስ ነው። ለ3,000 ሜትር ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ምናሌው ላይ ግን ሽሮ የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ለቁርስ ወረድን። ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ቁርስ መብላት አይከለከልም፤ ከፍስክ መራቁ ግን ያው ነው። የቀረበው ኮርንፍሌክስ በወተት፣ እንቁላል፣ ክሯሳን፣ በትናንሽ ፕላስቲክ የታሸገ ከውጭ የመጣ ማር። እኔ ዳቦ በዚያ ማር በላሁ። ሻዩም የከረጢት ሻይ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ፣ አውድማ ላይ ገብስ ይወቃል። በሬዎቹ ይዞራሉ። ጭዱ ይበናል። ልጁ ከኋላ እየነዳ ያንጎራጉራል። አስጎብኚው ሰውዬ ለውጭ እንግዶቹ “ይህ ባህላዊ ውቂያ ነው” እያለ ያስረዳል። እንግዶቹ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ተመልሰው ኮርንፍሌክሳቸውን ይበላሉ።

እዚህ ላይ ነው ውስጤ የተቆጣው።

ሟች ወንድሜ የግብርና ምርምር ሰው ነበር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችን መጥቶ የገብሱን ዓይነት ብዛት ሲያይ እንደተደነቀ ደጋግሞ ይነግረን ነበር። ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ለጠላ የሚሆነው፣ ለእንጀራ የሚሆነው፣ ለበሶ የሚሆነው፣ ቆዳው ቶሎ የሚለቀው የሰነፍ ቆሎ። ገበሬው እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል። ሊቁ ያን ያህል አገር አቋርጦ ለማየት የመጣው እህል ከሪዞርቱ አጥር ውጭ እየተወቃ፣ አጥሩ ውስጥ አንድ ፍሬ የለም። እንዴት ነው ነገሩ?

ቅዳሜ ረፋድ ከአንድ የአካባቢው ወጣት ጋር ተራራውን ለማየት ወጣን። ጉልበቴ ብዙ አያስኬደኝም። ሽቅቡ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ልጁ “እማማ፣ እዚህ አክስቴ ቤት አረፍ እንበል” አለኝ። ገባን። የሳር ክዳን ቤት ነው፣ መሀሉ ላይ ምድጃ። ባለቤቲቱ በእኔ ዕድሜ ገደማ ያለች ሴት ናት። ስማችንን ሳትጠይቅ ምጣዱን ጣደች።

የጋገረችውን ልንገራችሁ። የገብስ ዱቄት በውሃና በጨው ብቻ ለወሰች። አላቦካችውም። ምጣዱ ሲግል በእጇ ጠፍጥፋ ዘረጋችው። በጣቶቿ ጫፍ እየተጫነች አሳሳችው፤ የጣቶቿ ምልክት በላዩ ቀረ። አንዱ ጎን ሲጠበስ በእጇ ብድግ አድርጋ ገለበጠችው። ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ጠቆር አለ። ከምጣዱ ሲወጣ ጢስ ጢስና ቆሎ ቆሎ ይሸታል። በላዩ ድልህ ቀባችበት፤ ሰሊጥ ወይም ኑግ ሳይሆን የተልባ ዘይት ጠብ አደረገችበት። አጠፈችና ከሁለት ከፍላ ሰጠችን። ከዚያ ጦስኝ በጀበና አፍልታ አቀረበች። ጦስኙን እዚያው ከደጇ ካለው ገመገም ነው የለቀመችው። የልጅ ልጄ፣ ቤት ውስጥ ምግብ አልበላም እያለ የሚያሰቃየን ልጅ፣ ድርሻውን ጨርሶ የእናቱን መቁረስ ጀመረ። እኔም እንዲህ አንጀት የሚያርስ ነገር ከበላሁ ቆይቻለሁ።

በጨዋታ መሀል “ለሪዞርቱ አትሸጪም ወይ?” አልኳት። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ጊዜ ድንችና ባቄላ አስረክባ ነበር። ከፈሏት። ሁለተኛ ስትሄድ የግዥ ክፍሉ ሰው “ደረሰኝ ካላመጣሽ አንቀበልም” አላት። ደረሰኝ ከየት ታምጣ? ድንቿን ለነጋዴ ሸጠች። ነጋዴው ጭኖ አዲስ አበባ ወሰደው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከሄደ ወዲህ የሪዞርቱ መኪና ድንች የሚጭነው ከዚያ ነው። ማን ያውቃል፣ እኔ አርብ ማታ የበላሁት ድንች ከእሷው ማሳ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከተማ ደርሶ፣ የደላላ፣ የጫኝና የነዳጅ ዋጋ ተጨምሮበት፣ ወደ ተወለደበት ተራራ ተመልሶ።

የግዥ ክፍሉን ሰው አልፈርድበትም። በሆቴል ሥራ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ራስ ምታት ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህን ችግር ግን እኔ በሥራ ዘመኔ አይቼዋለሁ፣ መፍትሔውንም አይቼዋለሁ። በየወረዳው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሪዞርቱ ከማኅበሩ ጋር ውል ይዋዋል። በየሳምንቱ ይህን ያህል ድንች፣ ይህን ያህል የገብስ ዱቄት፣ ይህን ያህል ባቄላ፣ ይህን ያህል ማር ይላል። ማኅበሩ ከአባላቱ ሰብስቦ፣ ጥራቱን አይቶ ያስረክባል። ሒሳቡ በባንክ ይገባል። የሒሳብ ሹሙ እንቅልፉን ይተኛል፤ ያቺ ሴትም ድንቿን በደጇ ትሸጣለች። መጀመሪያ አካባቢ መዘግየትና መጉደል ይኖራል። የከተማው አቅራቢስ አይዘገይም እንዴ? ክረምት ላይ መንገዱ ሲቆረጥ እኮ ሪዞርቱ ያለ አትክልት የሚያድርበት ቀን እንዳለ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነግረውኛል።

ከሰዓት በኋላ ዋናውን ሼፍ አገኘሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ንጹሕ፣ ወጥ ቤቱ የተስተካከለ። የሙያ እናቱ ስለሆንኩ አክብሮ ቡና ጋበዘኝ። ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ የውጭ እንግዶች የለመዱትን ይፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ያህል ከፍሎ መጥቶ ቤቱ የሚበላውን ሽሮ መብላት አይፈልግም፤ ለሪዞርት አይመጥንም ይላል።

እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም፣ ለእሱም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። የውጭ እንግዳ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት አህጉር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ነው። ድንች ጥብስ አገሩ ሞልቷል። በሥራ ዘመኔ ከውጭ መጥተው ቂንጬ ቀምሰው አሠራሩን ጻፊልን ያሉኝ እንግዶች ብዙ ናቸው። የአዲስ አበባውን ሰው ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ። ቤታችን የምንበላው ሽሮ በቸኮለ ምሽት፣ በተፈጨ ቅመም ከሱፐርማርኬት ተገዝቶ የሚሠራ ነው። ሲልጆ የቀመሰ ወጣት ከአሥሩ ስንቱ ነው? ልጄ አልቀመሰችም። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ሲቦካ ያለውን ጣዕም ከየት ታውቀዋለች? ይህ የጾም ምግብ በብርድ አገር ደግሞ ሳይበላሽ ይቆያል። ለተራራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ልጁም አመነ። ምናሌውን የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። ከላይ ተጽፎ ነው የሚመጣለት። የተማረውም እንደኔው ነው። ሥልጠና ላይ በመጀመሪያ ያስጨበጡን ቤሻሜልና ማዮኔዝ ነው። ጠቃሚ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ወጣቶቻችን የገብስ ቂጣን በተማረ እጅ፣ በጥሩ ሳህን፣ በኩራት እንዴት እንደሚያቀርቡ ማን ያስተምራቸው?

እኔ ዕድሉ ቢሰጠኝ ምን እንደማቀርብ ልጽፍላችሁ፤ ምናልባት የሚያነበው ባለሀብት ይኖራል። እንግዳ ሲገባ በካርቶን የመጣ ማንጎ ጁስ አልሰጥም። በዚያ ብርድ ትኩስ ጦስኝ በማር፣ ከጎኑ በትንሽ ሳህን የሰነፍ ቆሎ። ጠዋት ለጾመኛ ቂንጬ በዘይትና በቃሪያ፣ ትኩስ የገብስ ቂጣ ከምጣዱ እንደወጣ፣ ለሕፃናት አጥሚት። ጾም ባልሆነ ጊዜ ደግሞ ያው ቂጣ በለጋ ቅቤና በሚጥሚጣ፣ ጭኮ፣ እርጎ። ምሳ ላይ ተጋቢኖ በሸክላ ድስት፣ ጎመን፣ ድንች ወጥ፣ ሲልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት። ምጣዱን ወጥ ቤት ውስጥ አልደብቀውም። እንግዳው የሚያየው ቦታ አቆመዋለሁ። ጋጋሪዋም ከዚያው ከመንደሩ ትምጣ፤ ደመወዟም እንደ ሙያተኛ ይሁን። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ አሹቅ፣ የባቄላ ሾርባ፣ ብርዝ። በጦስኝ የታሸ የደጋ በግ ለፍስክ ቀን። ፓስታና ክሯሳን የሚፈልግ አይከልከል፤ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ቦታ አለ።

ይህን ስል ገበያውንም አስቡት። በቤተ ክርስቲያናችን ሰባት አጽዋማት አሉ። ረቡዕና አርብን ጨምሮ ሲቆጠር ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ተራራ ለመጎብኘት ሰማዩ የሚጠራው፣ መንገዱ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ጾመ ነቢያትም ዓቢይ ጾምም የሚወድቁት እዚያው ላይ ነው። እንግዲህ በጥሩው ወቅት ከሚመጣው የአዲስ አበባ እንግዳ ብዙው ጾመኛ ነው። ይህ እንግዳ አስቀድሞ ከነምግቡ ይከፍላል። በላዩ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ከፍስክ በላተኛው አንድ ብር አይቀነስለትም። ሙሉውን ከፍሎ ከጠረጴዛው ጥግ አራት ሳህን ይሰጠዋል። አግባብ አይደለም።

ተራራ ላይ ትልቅ ገበታ መዘርጋት ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ከመውረዷ በፊት ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያበሉት ግብር እስከዛሬ በታሪክ ይነሳል። እህሉ የአገሩ፣ ማሩ የአገሩ፣ ሙያው የአገሩ ሴቶች ነበር። እኚሁ እቴጌ ናቸው ፒያሳ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሆቴል የከፈቱት። እኔ በየቀኑ ማለት ይቻላል በዚያ ሆቴል በኩል አልፋለሁ። እኛ የሆቴል ሴቶች የእሳቸው ልጆች ነን ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ደግሞ በየተራራው አዲስ ማረፊያ እየተሠራ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ለሙ። የግል ባለሀብቱም እየገነባ ነው። ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው የምለው። እኛ በወጣትነታችን ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት የምናውቀው ሶደሬን ወይም ቢሾፍቱን ነበር። ተራራ ወጥቶ ማደር የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ይህ ነገር ገና ሲጀመር ነው መስተካከል ያለበት። ሕንጻ ካለቀ በኋላ ወጥ ቤት ማፍረስ ከባድ ነው። ምጣድ የሚቆምበት ቦታ፣ የጢስ መውጫው፣ የሊጡ ሙቅ ክፍል ከንድፉ ጀምሮ ይታሰብ። ወጥ ቤቱን የሚነድፈው መሐንዲስ አንዲት ጋጋሪ ጠርቶ ቢያማክር ምን ይጎዳል?

እሁድ ስንመለስ ያቺ ሴት ለልጅ ልጄ በጨርቅ ቋጥራ በሶ ሰጠችው። ገንዘብ ብንሰጣት አልቀበልም አለች። በየትኛውም ቦታ የገበሬ ሴት እንዲህ ናት፤ ለእንግዳ የሰጠችውን አትሸጥም። ለሪዞርቱ ግን መሸጥ ትፈልጋለች። ይህ ሥራ ነው፣ ያ ደግሞ መስተንግዶ ነው፤ እሷ ሁለቱን አሳምራ ትለያቸዋለች።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጋዜጠኛችሁ ስለ አንድ የተራራ ሪዞርት ሊጽፍ ሲሄድ ወጥ ቤት ይግባ። ድንቹ ከማን እንደተገዛ ይጠይቅ። የጾም መጥበሻው ለብቻው እንደሆነ በዓይኑ ይይ። በዚያ ወረዳ የገበሬዎች ማኅበር ካለ ሊቀ መንበሩን አግኝቶ ከሪዞርቱ ጋር ውል እንዳላቸው ይጠይቅ። መልሱን እንዳለ አትሙት። በጎ የሠራ ሪዞርት ካለም ስሙን በትልቁ ጻፉት፤ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ልጄን ይዤ የምሄደው እዚያ ነው። የሲልጆን አሠራር ለወጣት ሼፎች በነፃ አሳዪ የምትሉኝ ሪዞርት ካለ ደግሞ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል። ሱፉንና ሰናፍጩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ባቄላውን ግን ከጎረቤታችሁ ግዙ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ የሆቴል ምግብ አዘጋጅ፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ